በአየር ማረፊያ በ«ቪአይፒ» መሸኘት፦ የተፈቀደ ምቾት፣ ብክነት ወይስ ጉቦ?



ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንዲት እህት ከዱባይ ደውላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እናቷ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከደሴ ተነስተው በአዲስ አበባ በኩል ለዑምራ ሊሄዱ ነው። ልጅቱ በሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው ገንዘብ ቀንሳ፣ እናቷ በወረፋ እንዳይንገላቱ የ«ቪአይፒ» መሸኛ አገልግሎት ልትገዛላቸው አስባለች። ወንድሟ ግን «ለዒባዳ ለሚሄድ ሰው ይህ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው? ደግሞስ ሰው ቆሞ እየጠበቀ በገንዘብ ማለፍ ጉቦ አይደለም ወይ?» አላት። እናትየው ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ ይቅርብኝ፤ በሐራም ተሸኝቼ ካዕባን በምን ዓይኔ ላየው ነው?» አሉ።

በአንድ ቃል «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። ነገር ግን የወንድምየው ጥያቄም ሆነ የእናትየው ፍርሃት ከአላህ ፍራቻ የመነጨ ነውና በቂ ማብራሪያ ይገባዋል። ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ተቀላቅለዋል፦ አገልግሎቱ በትክክል ምንድን ነው? ክፍያው ጉቦ ነው ወይ? ጉቦ ካልሆነስ ብክነት (ኢስራፍ) ነው ወይ? አንድ በአንድ እንያቸው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በአየር ማረፊያዎች «ቪአይፒ» የሚለው ስም የተለያዩ አገልግሎቶችን ይሸፍናል። ሳይለዩ መክፈልም ሆነ ሳይለዩ መፍረድ ስህተት ላይ ይጥላል።

የመጀመሪያው አጃቢ ነው። አንድ ሠራተኛ መንገደኛውን ከበር ተቀብሎ በቼክኢን፣ በኢሚግሬሽንና በፍተሻ በኩል እየመራ እስከ መሳፈሪያው በር ያደርሰዋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚያልፉበት በዱባይ «መርሐባ»፣ በዶሃው ሐማድ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ደግሞ «አል ማሃ» በሚል ስም የሚሰጡት አገልግሎቶች ከዚህ ዓይነት ናቸው። ቋንቋ ለማይችል፣ ጽሑፍ ለማያነብ ወይም ሕፃናትን ይዞ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ዋናው ጥቅም ወረፋው ማጠሩ ሳይሆን እንዳይጠፋ የሚመራው ሰው ማግኘቱ ነው።

ሁለተኛው ፈጣን መስመር ነው። አጃቢ የለውም፤ መንገደኛው ከፍሎ አጠር ባለ ወረፋ ይፈተሻል። በአሜሪካ መንግሥት ራሱ ተመሳሳይ አሠራር አለው። «ቲኤስኤ ፕሪቼክ» በሚባለው ፕሮግራም ክፍያ ፈጽሞና የኋላ ታሪኩ ተጣርቶ የተመዘገበ ሰው ለ5 ዓመት በቀለለ ፍተሻ ያልፋል። ይህ ግን ለአገሪቱ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። በጉብኝት ቪዛ ልጆቿን ልትጠይቅ የሄደች እናት አትመዘገብበትም።

ሦስተኛው ማረፊያ ክፍል ወይም ላውንጅ ነው፤ ምግብ፣ መቀመጫና ጸጥታ ያለበት። አራተኛው ከሁሉም የተለየ ሲሆን መንገደኛው ወደ ተራው ተርሚናል ጭራሽ አይገባም። ለምሳሌ በሎስ አንጀለስ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የግል ተርሚናል መንገደኛውን በራሱ ሕንፃ አስፈትሾ በመኪና እስከ አውሮፕላኑ ያደርሰዋል። ዋጋውም የብዙ ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ከሚያወጣው በላይ ነው።

ከፋዩ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ከእነዚህ አንዳቸውም ሕግን አይገዙም። የደህንነት ፍተሻው አይቀርም። ትርፍ ኪሎ ያለክፍያ አያልፍም። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ መያዝ በሚከለከልበት ቦታ «ቪአይፒ» ነኝ ማለት አያድንም። የፓስፖርት ቀኑ ያለፈበት ወይም ቪዛው ያልተስተካከለ ሰው ከአጃቢው ጋር ሄዶ ያው ከአጃቢው ጋር ይመለሳል። ከዑምራ መልስ የዘምዘም ውኃንም ቢሆን በልብስ ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማስጫን አይቻልም፤ ለአንድ ሰው በተፈቀደው 5 ሊትር በታሸገው ካርቶን ብቻ ነው የሚጫነው።

ክፍያው በሸሪዓ ዓይን

ለአንድ የታወቀ ጥቅም ዋጋ መክፈል በፊቅህ «ኢጃራ» ይባላል። ቤት መከራየትም፣ ሠራተኛ መቅጠርም፣ ሻንጣ ተሸካሚን ማሠራትም ከዚሁ ይመደባል። ዑለማዎች ኢጃራ ትክክል እንዲሆን ከሚያስቀምጧቸው መስፈርቶች መካከል ዋናዎቹ፦ ጥቅሙ የተፈቀደ መሆኑ፣ ምንነቱና መጠኑ መታወቁ፣ ዋጋው መታወቁ እንዲሁም ሰጪው አገልግሎቱን ለመስጠት መብትና ችሎታ ያለው መሆኑ ናቸው።

ደካማ ሰውን መምራት፣ ሻንጣ መሸከም፣ ማረፊያ ማከራየት የተፈቀዱ ጥቅሞች ናቸው። ስለዚህ በመሠረቱ እንዲህ ያለ አገልግሎት መግዛት ይቻላል። ከመክፈላችን በፊት ግን «አጃቢው ከየት ጀምሮ እስከ የት ያደርሳል? ለስንት ሰው ነው? በረራው ቢዘገይስ? ብንሰርዝ ገንዘቡ ይመለሳል?» ብለን መጠየቅ ለጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ለውሉ ትክክለኛነትም ይጠቅማል። ያልታወቀ ነገር መግዛት (ገረር) ጠብ የሚያመጣው በገበያ ብቻ አይደለም።

ጉቦ የሚሆነው መቼ ነው?

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም መራገማቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበዋል። ስለዚህ የወንድምየው ሥጋት ቀላል አይደለም። ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

በቡኻሪይና በሙስሊም የተዘገበ የታወቀ ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑ አል-ሉትቢያ የተባለን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ከፊሉን ለሕዝቡ አስረክቦ ከፊሉን «ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው» አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ወጥተው አወገዙት። በአባቱና በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ስጦታው ይመጣለት እንደነበር እንዲመለከት ሕዝቡ ፊት ጠየቁ። ከዚህ የምንወስደው መለኪያ ግልጽ ነው፦ ገንዘቡ የተሰጠው ሰውየው በያዘው የሕዝብ ኃላፊነት ምክንያት ነው ወይ?

በዚህ መለኪያ ሁለት ሁኔታዎችን እናወዳድር። በመጀመሪያው፣ አየር ማረፊያው ወይም ፈቃድ ያለው ድርጅት ዋጋውን በይፋ ለጥፏል። ማንኛውም ሰው ከፍሎ ሊያገኘው ይችላል፤ ደረሰኝ አለ፤ ገንዘቡ ወደ ድርጅቱ ካዝና ይገባል። ይህ ኢጃራ ነው። በሁለተኛው፣ ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ሰው መግቢያው አካባቢ ጠጋ ብሎ «እኔ በቪአይፒ አሳልፋችኋለሁ» ይላል። ዋጋው እንደ ሰዉ ፊት ይለያያል፤ ደረሰኝ የለም፤ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ይገባል። እርሱ ግን ደመወዝ የሚከፈለው ሁሉንም በእኩል እንዲያስተናግድ ነው። ይህኛው ስሙ «ቪአይፒ» ቢሆንም እውነቱ ጉቦ ነው። የሻንጣ ትርፍ እንዲታለፍ፣ የወረቀት ጉድለት እንዳይታይ ብሎ መስጠትም ያው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ደላላ «ኤርፖርት ላይ ችግር እንዳይገጥምሽ የቪአይፒ ክፈይ» ካለ ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ደረሰኙ የማን ነው? «ችግር» የሚለውስ ምንድን ነው? ወረቀቷ የተስተካከለ መንገደኛ ከኢሚግሬሽን የሚያድናት ሰው አያስፈልጋትም። ወረቀቷ ካልተስተካከለ ደግሞ የምትከፍለው ገንዘብ አያስተካክልላትም፤ ጠፍቶ ይቀራል።

ለወንበር ገፊው ወይም ለሻንጣ ተሸካሚው በመጨረሻ የሚሰጥ ጉርሻስ? ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ሳይጠይቅና ሳይጠበቅበት፣ የሌላውን መብት ለመውሰድ ሳይሆን ለምስጋና ከሆነ ከጉቦ ይለያል። ድርጅቱ ሠራተኞቹን ከከለከለ ግን ክልከላውን ማክበር ይገባል። ለፈታሽ፣ ለኢሚግሬሽን መኮንንና ለጉምሩክ ሠራተኛ መስጠት ግን ጭራሽ አይቻልም፤ የኢብኑ አል-ሉትቢያ ታሪክ ቀጥታ የሚመለከተው እነርሱን ነው።

የቆሙት ሰዎች ሐቅስ?

ጉቦ አለመሆኑ ብቻ ግን ነገሩን አይጨርሰውም። ኢስላም ቀድሞ የደረሰን ሰው መብት ያከብራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን ከተቀመጠበት አስነስቶ እርሱ ቦታ ላይ መቀመጥን ከልክለዋል። ወረፋም ከዚህ የራቀ አይደለም።

አየር ማረፊያው ለከፋዮች የተለየ መስመርና ተጨማሪ ሠራተኛ መድቦ ከሆነ ከተራው መስመር የተወሰደ መብት የለም። ሁሉም ሰው ሲመጣ የሚያውቀው የቦታው ሥርዓት ነው። አጃቢው ግን መስመር ሳይኖረው በተራው ወረፋ መሐል እየሰነጠቀ «አሳልፉን» የሚል ከሆነ የቆሙት ሰዎች ሐቅ ተነክቷል። ከፋዩ «እኔ ከፍያለሁ» ቢልም የከፈለው ለድርጅቱ እንጂ ለቆሙት ሰዎች አይደለም። ያኔ ቢያንስ ከፊት ያሉትን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ሰው በፈቃዱ ተራውን ለደካማ ከለቀቀ መብቱን በራሱ እጅ ሰጠ ማለት ነውና ችግር የለውም፤ እርሱም ምንዳ ያገኝበታል።

ደካማን ማስቀደም ደግሞ በሐጅ ውስጥ ራሱ መሠረት ያለው ነገር ነው። እመት ሰውዳ (ረ.ዐ) ሰውነታቸው የከበደ፣ እርምጃቸው የዘገየ ነበርና ከሙዝደሊፋ ሕዝቡ ሳይነቃነቅ በሌሊት ቀድመው እንዲወጡ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አስፈቅደው ተፈቅዶላቸዋል። ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ) ከቤተሰቡ ደካሞች ጋር አስቀድመው ከተላኩት አንዱ ነበሩ። እሙ ሰለማ (ረ.ዐ) መታመማቸውን ሲናገሩ ከሰዉ ኋላ ሆነው በከብት ላይ ተቀምጠው ጠዋፍ እንዲያደርጉ ታዘዋል። እነዚህ ሁሉ በትክክለኛ ሐዲሶች የተዘገቡ ናቸው። እንግዲህ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው እናት ከወረፋ ቢድኑ ለዑምራቸው ነውር አይደለም።

ከዚሁ ጎን ሌላ ታሪክም አለ። በሐጅ ወቅት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ውኃ ማጠጫው መጥተው መጠጥ ሲጠይቁ አጎታቸው ዐባስ (ረ.ዐ) ልጃቸውን ከቤት የተለየ መጠጥ እንዲያመጣላቸው ሊልኩት ፈለጉ። ሰዎች እጃቸውን የሚያስገቡበት ውኃ መሆኑንም ነገሯቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሕዝቡ ከሚጠጣው እንዲያጠጧቸው ጠይቀው ከዚያው ጠጡ። ቡኻሪይ ዘግበውታል። ልዩ መስተንግዶ ከማንም በፊት የሚገባቸው እርሳቸው ነበሩ፤ አልፈለጉትም። ደካማው እንዲቀድም ፈቀዱ፤ ራሳቸው ግን ከሕዝቡ ጋር ሆኑ። ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ስናነብ ሚዛኑን እናገኛለን።

ብክነትስ?

ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 ማባከንን ይከለክላል፤ በሱረቱል ፉርቃን አንቀጽ 67 ደግሞ ሲያወጡ የማያባክኑትን፣ የማይቆጥቡትንም፣ መካከለኛውን የያዙትን ያወድሳል። መካከለኛው ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለአንዱ ብክነት የሆነው ለሌላው ላይሆን ይችላል። ራሳችንን የምንመዝንባቸው ሦስት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ፍላጎቱ እውነተኛ ነው? ሕመም፣ እርግዝና፣ ዕድሜ፣ ሕፃናት፣ ቋንቋ አለመቻል እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ጤነኛ ሰው ሃያ ደቂቃ ላለመቆም የወር አስቤዛ የሚያህል ገንዘብ ቢከፍል ግን ራሱን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከምን የተረፈ ነው? ዕዳ ያለበት፣ ዘካው ያልወጣ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀው ሰው ቅድሚያው ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ ኒያው ምንድን ነው? ሰው እንዲያየው፣ ፎቶው እንዲለጠፍ የተገዛ ምቾት ከዋጋው ይልቅ ልብን ይጎዳል። በተለይ ወደ ዒባዳ ጉዞ ሲሆን። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ስስታም ሳይሆኑ በተራ ኮርቻ ሐጅ ማድረጋቸውን፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲሁ ማድረጋቸውን መናገራቸውን ቡኻሪይ ዘግበዋል።

ከመክፈል በፊት፦ በነፃ የሚገኘው

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር ይህ ነው። መራመድ ለሚያቅተው መንገደኛ የዊልቸር አገልግሎት አየር መንገዶች በአብዛኛው ያለተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ። ጥያቄው ቲኬት ሲቆረጥ፣ ካልሆነም ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ቢቀርብ ይመረጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የአካል ጉዳተኛና መንቀሳቀስ የሚቸግረው መንገደኛ በነፃ እንዲረዳ የሚያስገድድ ደንብ አለ፤ የማሳወቂያ ጊዜውንም 48 ሰዓት ብሎ የወሰነው ይኸው ደንብ ነው።

ስንጠይቅ ዓይነቱን ለይተን እንናገር፤ አየር መንገዶች በሦስት ይከፍሉታልና። ደረጃ መውጣት ችሎ ረጅም መንገድ ብቻ መራመድ የማይችል አለ። ደረጃም መውጣት የማይችል አለ። ጭራሽ መንቀሳቀስ የማይችልና እስከ መቀመጫው ድረስ ተደግፎ የሚወሰድ አለ። በትክክል ካልተነገረ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አባት አውሮፕላኑ ሥር ሲደርሱ ይቸገራሉ። ጥያቄው ለመሄጃም ለመመለሻም፣ መለወጫ ካለም ለእያንዳንዱ በረራ መመዝገቡን እናረጋግጥ። የዊልቸር ተጠቃሚ ከገፊው ጋር ብዙውን ጊዜ በተለየ መስመር ስለሚያልፍ ወረፋውም በዚያው ይቀልለታል።

መንግሥታት ሲተባበሩ ደግሞ ለሁሉም መንገደኛ ማቅለል እንደሚቻል የሳዑዲ ዐረቢያ «የመካ መንገድ» ፕሮግራም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2017 በማሌዥያ ተጀምሮ ወደ ኢንዶኔዥያ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽና ሌሎች አገሮች ሰፍቷል። ሐጃጁ የሳዑዲን የመግቢያ ሥርዓት ከአገሩ ሳይወጣ ይጨርሳል። ሲደርስ ወረፋ ሳይዝ ወደ ማረፊያው ይሄዳል። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ናቸው።

አገልግሎቱን ለሚጠቀሙ ጥቂት ምክሮች

ሶላት፦ አጃቢ አለኝ ብሎ ሶላትን እስከ መሳፈሪያ ማዘግየት አይገባም። የአዲስ አበባ ነዋሪ ቦሌ ላይ ሳለ ገና ከከተማው ስላልወጣ ሶላቱን ሳያሳጥር ሙሉ ይሰግዳል። ከደሴ ወይም ከጅማ መጥቶ ለጉዞ የሚያልፍ ሰው ግን በሻፊዒይ መዝሀብ የመጣበትንና የሚሄድበትን ቀን ሳይጨምር አራት ቀን ለመቆየት ካልወሰነ እዚያው ሊያሳጥር ይችላል።

ኢሕራም፦ ከአዲስ አበባ ጅዳ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ልብሱን ቤት ወይም አየር ማረፊያ ላይ መልበስ ይቀላል። ልብሱ ግን ኒያ አይደለም፤ ኒያው ሚቃት ሳይታለፍ መደረግ አለበት።

ሴቶች፦ አገልግሎቱ ሲያዝ ሴት አጃቢ መጠየቅ ይቻላል። በአካል ፍተሻ በሴት ፈታሽ መፈተሽ፣ ኒቃብ የለበሰችም ፊቷን በተከለለ ቦታ ለሴት ሠራተኛ ማሳየት እንደምትፈልግ በእርጋታ ትናገር። በአሜሪካ የአካል ፍተሻ በተመሳሳይ ጾታ ሠራተኛ ይደረጋል፤ በተለየ ክፍል እንዲሆን መጠየቅም ይቻላል።

ላውንጅ፦ ብዙዎቹ ላውንጆች አልኮል ያቀርባሉ። ከዚያ ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ ምግቡ ሐላል መሆኑንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

በክሬዲት ካርድ የሚገኝ «ነፃ» አገልግሎት፦ በውጭ የምንኖር ሰዎች ካርዱ ምን ውል እንዳለው እንመልከት። የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ ወለድ በቅድመ ሁኔታነት ያለበትን የብድር ካርድ፣ ባለቤቱ በእፎይታው ጊዜ ውስጥ ለመክፈል ቢያስብ እንኳ፣ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ወንበርና ቡና ለማግኘት ብሎ ሪባ ውስጥ መግባት ትርፍ የለውም።

ወደ እናትየው እንመለስ

ለእህታችን የሰጠኋት መልስ ይህ ነበር፦ በይፋ ዋጋ፣ በደረሰኝ፣ ለእናትሽ ድካም ብለሽ ብትከፍዪ ጉቦም ሐራምም አይደለም፤ ለወላጅ የሚደረግ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ አየር መንገዱ ጋ ደውዪ። ደወለች። ዊልቸሩ በሁለቱም ጉዞ በነፃ ተመዘገበላቸው። እርሷም ልትከፍል ያሰበችውን ገንዘብ መካ ላይ ለሐረም ቀረብ ያለ ማረፊያ ጨመረችበት። ቦሌ ላይ ወረፋው ያው አንድ ጊዜ ነው፤ ከማረፊያው እስከ ሐረም ያለው መንገድ ግን በቀን ብዙ ጊዜ ነው። ወንድምየውም አልተከፋም። ጥያቄው ባይነሳ ኖሮ ማንም ስለ ዊልቸሩ አይጠይቅም ነበር።

እናትየው ግን አሁንም አንድ ነገር ከብዷቸው ነበር። «ሰው ቆሞ እኔ ተቀምጬ ሳልፍ አፍራለሁ» አሉ። ስለ እመት ሰውዳ (ረ.ዐ) በስልክ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው ለቆሙት ዱዓ እያደረግሁ አልፋለሁ» አሉ።

አላህ የሁላችንንም ጉዞ ያግራልን፤ ሐላሉን የምንመርጥ፣ የሰውን ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።